የጥሎሹ ጠገራ ብር «ፎርጅድ ነው» ተባለ!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ትዳርም ነው፣ ስለ ብርም ነው። ብር ስል ኪሳችሁ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ማለቴ አይደለም። ዋናውን ብር፣ አያቶቻችን በሳጥን ሥር በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሲብስም መሬት ቆፍረው ቀብረው ያቆዩትን ጠገራ ብር ማለቴ ነው። ማርትሬዛ የምንለው፣ የወፍራሟ ሴትዮ ምስል ያለበት፣ ይሄው እኮ ነው።

ይህን ብር በተመለከተ የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ከእናቱ ወርሶት ነው፣ ሌላው ከመንገድ ላይ ገዝቶት ነው፣ ሌላዋ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነው። ጥያቄያቸው ግን ያው አንድ ነው፤ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» እስከ ዛሬ ለየብቻ እየመለስኩ ቆይቼ ነበር። አሁን ግን አንድ ሠርግ ለመፍረስ ሲዳዳው ስላየሁ ነገሩን በአደባባይ ማንሳት ግድ ሆነብኝ።

ባለታሪኳ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአክስቷ ጋር የምትኖር የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት። የሒሳብ ሠራተኛ ነች። ስሟን አልጠራም፤ እሷም እንዳልጠራ አስምላኛለች። የደወለችልኝ ቀን ድምጿ እንባ እንባ ይል ነበር።

«ጋሼ፣ ሠርጌ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ትላንት ጥሎሽ መጣልኝ። ቀሚሱም ጫማውም ወርቁም ጥሩ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ግን የባሌ እናት ከአንገታቸው አውልቀው የላኩልኝን ድሪ ነው። ሰባት ጠገራ ብር በክር የተሰካበት ነው። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ አክስቴ አንዱን ብር አነሳችና ሲሚንቶው ላይ ጣል አደረገችው። ‹ጨቅ› አለ። ‹ይሄ ብር ነው እንዴ? ቆርቆሮ ነው! ሊያዋርዱን ነው የላኩት!› አለች። አሁን ሽማግሌ ልካ ልታስመልሰው ነው። ምን ላድርግ?»

እኔም፣ «በመጀመሪያ አክስትሽ ሽማግሌ እንዳይልኩ እግራቸውን ይዘሽም ቢሆን ለምኚ። ሁለተኛ፣ ድሪውን ይዘሽ ነይ» አልኳት።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና ስለ ብሩ ትንሽ እናውራ። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት አንችልምና።

ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዢ የነበረች ሴት ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከሞተች በኋላም ምስሏ ያለበት ብር፣ 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ መመታቱን ቀጠለ። ለምን ቢባል ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ነጋዴ ሌላ አልቀበልም ስላለ ነው። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ከመገበያያነት ስታስወጣው እንኳ ለውጭ ንግድ ሲባል መመታቱ አልቆመም። ቪየና ብቻም አይደለም፤ ሮማ፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ በርሚንግሃምና ቦምቤይ ሁሉ መትተውታል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ሮማ ላይ መምታት የጀመረችው ለምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዓመቱ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ «1780 ስለሚል የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ ያውቃል። አያታችሁ እጅ የነበረው ብር ከንግሥቲቱ ሞት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ፎርጅድ አያሰኘውም። ኦሪጅናል የሚያሰኘው የታወቀ ማተሚያ ቤት በተወሰነው ክብደትና በተወሰነው የብር መጠን የመታው መሆኑ ነው።

መጠኑም ይኸውላችሁ። ክብደቱ 28.07 ግራም ነው። ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ ብቻውን 23.39 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ድሮ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የዚህን ብር ክብደት ያህል እንደነበር ልብ በሉ። ሰው ብሩን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሚዛንም አድርጎት ነበር።

የኛ ሰው በዚህ ብር ቀልድ አያውቅም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ የውጭ መንገደኞች ገበያተኛው አንድ ብር ለመቀበል ምን ያህል እንደሚያገላብጥ ጽፈዋል። የዘውዷን ነጥቦች ይቆጥራል፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ «አልወስድም» ነው። አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስመትተው በ1887 ዓ.ም. ሲያወጡ እንኳ ገበያው ከማርትሬዛ አልላቀቅም ብሎ ብዙ አስቸግሯቸዋል። ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣው ከነጻነት በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከዚያ ወዲያ አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀልም አምባርም አደረገው፣ የቀረውም ቀለበት ተበይዶለት አንገት ላይ ወጣ።

ወደ ሙሽራችን እንመለስ።

አክስቲቱ ያደረጉት ነገር ከጥንት የመጣ ነው። እውነተኛ ብር ድንጋይ ላይ ሲጣል ጥርት ያለ፣ ቶሎ የማይጠፋ ድምፅ አለው። እርሳስ ያለበት ግን ድምፁ ይሞታል። እስከዚህ ድረስ እትዬ ልክ ናቸው። ያልተገነዘቡት ነገር ቢኖር ይህ ሙከራ የሚሠራው ማንጠልጠያ ላልተበየደለት ብር ብቻ መሆኑን ነው። ቀለበት ሲበየድበት፣ ከሥሩም ክር ሲገባበት የብሩ ድምፅ ይታፈናል። ደወል በእጅ ተይዞ ሲመታ እንዴት እንደሚል አስቡት። የተሰነጠቀ ብርም እንዲሁ ነው። እና በድሪ ብር ላይ «ጨቅ» የሚል ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። ልደታ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛው «ተጨማሪ ማስረጃ ይቅረብ» ይሉ ነበር።

ልጅቷን ይዤ የሄድኩት ብዙ ዓመት ብር ሲያቀልጡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ነው። ሰውየው ዝምተኛ ናቸው። ድሪውን ተቀብለው መጀመሪያ ማጉያ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ ነይ እዪው» አሏት። «ይቺ ትከሻዋ ላይ ያለችው ጌጥ ዙሪያዋን ጥቃቅን ነጥብ አላት። ነጥቦቹ ለየብቻ ይታያሉ አይደል? አሁን ደግሞ ይሄኛውን እዪ።» በሁለተኛው ብር ላይ ነጥቦቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ቀለጠ ሰም ሆነዋል።

ምክንያቱን ላስረዳ። እውነተኛው የሚሠራው በብረት ማኅተም ተመትቶ ነው፤ ስለዚህ ፊደሉም ነጥቡም ስል ነው። ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ፣ ብረት ቀልጦ ፈስሶ የሚሠራ ነው። ፈሳሽ ደግሞ ጥቃቅኑን ሁሉ አይሞላም። ፊቷ ላይ እንደ ፈንጣጣ ያሉ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። እርግጥ ብዙ ዘመን ያገለገለ ብርም ይለሰልሳል፤ ግን መለስለሱ የሚታየው ጎላ ብለው በወጡት ቦታዎች፣ ማለትም በጉንጯ፣ በትከሻዋና በፀጉሯ ላይ ነው። ከጥልቅ ቦታ ያለው ፊደል ስል ሆኖ ይቆያል። በፈሰሰው ላይ ግን ሁሉም እኩል ደብዛዛ ነው። ይህቺን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከደረቷ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት «ኤስ» እና «ኤፍ» ናቸው፤ ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ የነበሩ የሁለት የማተሚያ ቤት ሹማምንት የስም መነሻ ነው። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ከ1780 ቀጥሎም የመደመር ምልክትን ያጋደለ የመሰለ መስቀለኛ ምልክት ይገኛል። ከሁሉም ይበልጥ ግን ጠርዙን እዩ። ሰው ጠርዝ ማየት አይወድም፤ አጭበርባሪውም ጠርዝ መሥራት አይወድም። በእውነተኛው ጠርዝ ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት የሆነ ጽሑፍ በአበባ መሰል ጌጥ ታጅቦ ዙሪያውን ይሄዳል። በመሃል ወገቡ ላይ እንደ መቀነት የዞረ የስፌት መስመር ካያችሁ፣ ወይም ጽሑፉ የለም ተብሎ ሞረድ የበላው ሆኖ ካገኛችሁት፣ ሁለት ግማሽ ቅርጽ ተገጥሞ የፈሰሰ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው።

አንጥረኛው ሰባቱን አይተው ሁለቱን ለይተው አስቀመጡ። ልጅቷ ቀለሟ ተለወጠ። እኔ ደግሞ በዓይን ብቻ መፍረድ ስለማልወድ፣ «ጋሼ፣ በውሃ ይሞከር» አልኩ።

ይህ የውሃ ሙከራ እያንዳንዳችሁ ቤት ውስጥ ልትሠሩት የምትችሉት ስለሆነ በደንብ አንብቡት። የሚያስፈልገው የግራምን መቶኛ የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ነው፤ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት። የሽንኩርት ሚዛን አይሆንም። መጀመሪያ ብሩን ደረቁን መዝናችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ብርጭቆ ውስጥ ብሩን የሚያሰጥም ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ከዚያ ብሩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ብሩ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እስኪገባ አውርዱት። የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ! የአየር አረፋም እንዳይለጠፍበት። አሁን ሚዛኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ። መልሱ 10.2 አካባቢ ከሆነ በዚያ መጠን የተቀየጠ ብር ነው። ንጹሕ የሆነ፣ ምንም ያላለቀ ማርትሬዛ ውሃ ውስጥ 2.75 አካባቢ ያሳያል። ከመዳብና ከኒኬል፣ ወይም ከነሐስ የተሠራ ከሆነ መልሱ ወደ ስምንት ተኩልና ዘጠኝ ይወርዳል። እርሳስ የበዛበት ከሆነ ደግሞ ወደ አሥራ አንድ ይወጣል።

የዚህ ሙከራ ትልቁ ጥቅሙ ማንጠልጠያውም፣ ማለቁም ብዙ አለማስቸገሩ ነው። ብሩ አልቆ 27 ግራም ቢሆን እንኳ የማካፈሉ መልስ ያው ነው፤ ማንጠልጠያው ራሱ ብር እስከሆነ ድረስ ማለት ነው።

የልጅቷ የመጀመሪያ ብር ከነቀለበቱ 28.9 ግራም መዘነ፤ ውሃ ውስጥ 2.84 አለ። ሲካፈል 10.18። አራቱም እንዲሁ ወጡ። ስድስተኛው ግን 24.6 መዘነ፤ ውሃ ውስጥ 2.83። መልሱ 8.69። ሰባተኛውም የእሱ ወንድም ነው። ልብ በሉ፣ መጠናቸው እኩል ስለሆነ ውሃው ላይ ያሳዩት ቁጥር ተመሳሳይ ነው፤ ክብደታቸው ግን ከአራት ግራም በላይ ይለያያል። ነገሩ ቁርጥ ሆነ። አምስቱ እውነተኛ፣ ሁለቱ ሐሰተኛ።

«ታዲያ አክስቴ ልክ ነበረች ማለት ነው?» አለች ልጅቷ ዓይኗ ሞልቶ።

አክስቷ የጣሉት ብር ከአምስቱ አንዱ እንደነበር አስታወሰች፤ ክሩ ጫፍ ላይ የነበረው። ስለዚህ እትዬ የጣሉት እውነተኛው ነበር፣ «ቆርቆሮ» ያሉትም እሱን ነው። ይህን ስነግራት በእንባዋ መሃል ሳቀች።

የቀረው ጥያቄ ሁለቱ ከየት መጡ የሚለው ነበር። አንጥረኛው አንድ ነገር ተናግረው ነበር፤ «ይሄ የአሁን ሥራ አይደለም። ቀለበቱ የተበየደው ድሮ ነው፣ የአንገት ላብ በልቶታል።» እኔም ለልጅቷ የመከርኳት ይህን ነው፤ በሽማግሌ ፊት እንዳታነሺው፣ ለእጮኛሽም ቢሆን መጀመሪያ አትንገሪው። ብቻሽን ሂጂና የባልሽን እናት ቡና ላይ ጠይቂ። ስትጠይቂም «ሐሰተኛ ነው» አትበዪ፤ «እማማ፣ የዚህን ድሪ ታሪክ ይንገሩኝ» በዪ።

ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ የነገረችኝን እነሆ።

ድሪው የሴትየዋ አማት ነበር። በደርግ ጊዜ ባላቸው ታስረው ሳለ፣ ልጆች የሚበሉት ሲያጡ፣ ሴትየዋ ሁለቱን ብር አውጥተው ሸጡ። አማቲቱ ደግሞ በየበዓሉ ድሪውን የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። የገዛቸው አንጥረኛ አዝኖላቸው በቦታቸው የሚመስሉ ሁለት ሰካላቸው። አማቲቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነቁም፤ ወይም ነቅተው ዝም ብለዋል። «እኔም ከዚያ ወዲህ ረሳሁት ልጄ» አሉ ሴትየዋ። «ላንቺ ስልክልሽ አንድ ሌሊት አልተኛሁም። ላውጣቸው እያልኩ፣ አምስት ሲሆን ደግሞ ጎዶሎ መሰለኝ።»

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ቀድመው መናገር ነበረባቸው» ብለውኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በሰባ ዓመታቸው ለምራታቸው እንዲህ ያለ ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ቀላል ነው የሚል ሰው ምራት አጋብቶ የማያውቅ ይመስለኛል። ለአክስቲቱስ ይነገር? በኔ በኩል ይነገር ባይ ነኝ፤ ግን ከልጅቷ አፍ ሳይሆን ሁለቱ ሴቶች ለብቻ ተቀምጠው። እንደዚያም ሆነ። ሽማግሌ አልተላከም። ሁለቱ ብሮችም ከክሩ አልወጡም፤ ሙሽራዋ «እንዳሉ ይሁኑ» ብላለች።

አሁን ደግሞ ለመሸጥም ለመግዛትም ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር።

ማግኔት ብዙ አትመኑ። ማግኔት የሚስበው ብር በእርግጥ ሐሰተኛ ነው፤ ማግኔት የማይስበው ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም። መዳብንም ነሐስንም እርሳስንም ማግኔት አይስብም። በአሲድ መሞከርን ለባለሙያ ተዉለት፤ አሲዱ ምልክት ጥሎ ያልፋል፣ እጅም ይበላል። በአመድ፣ በሎሚና በጥርስ ሳሙና ፈትጋችሁ የምታብረቀርቁትም ተዉት። ያ ጥቁረት የዕድሜው ልብስ ነው፤ ሰብሳቢዎች የተፈተገ ብር ሲያዩ ዋጋ ይቀንሳሉ።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ ሰው ሕልም ያያል። ተራው ማርትሬዛ እጅግ ብዙ ሆኖ ስለተመታ ዋጋው በአብዛኛው ብርነቱ ነው። የዕለቱን የንጹሕ ብር ዋጋ በግራም ጠይቁና በ23.39 አባዙት፤ መነሻችሁ እሱ ነው። የምኒልክ ብር ከዚህ ይለያል። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም ቁጥሩ ያነሰ ነውና ሰብሳቢ ይፈልገዋል፤ ስለሚፈለግም አስመስሎ የሚሠራው በዝቷል። እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጁ የምንበልጥበት ነገር አለ፤ ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው። ባለ አንድ ብሩ ላይ የሚገኙት 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ናቸው። ቁጥሩ ከእነዚህ ውጭ ከሆነ፣ ወይም ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የማያነበው ዓይነት ዝብርቅርቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱት። እውነተኛውን በዓይኑ አይቶ መልመድ የሚፈልግ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎራ ይበል። ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ የምታስቡም፣ የቆየ ዕቃ ከአገር ማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን አትርሱ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመደንገጥ ይሻላል።

ለመግዛት ስትሄዱ ትንሿን ሚዛንና አንድ ክር ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። ብርጭቆ ውሃ የትም ሻይ ቤት አይጠፋም። ሻጩ «ውሃ አይነካውም፣ ይበላሽብኛል» ካላችሁ ምስጋና አቅርባችሁ ውጡ፤ ብር በውሃ አይበላሽም።